ሴሚናር ብቻውን ማዘጋጃ ቤትን አያድስም

«አቅም ግንባታ» የሚለው አነጋገር ከተለመደ ሰንበትበት ብሏል። ሠራተኛው ለሁለት ሳምንት ሴሚናር ይላካል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደለዋል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለስና እዚያው ጠረጴዛ፣ እዚያው የፋይል ክምር ሥር ይቀመጣል። ታዲያ የተገነባው የቱ ነው? ብለን ብንጠይቅ የሚቆጣን አይጠፋም። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ነገ በየከተማው ት/ቤት ተመድበን ከማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የምንመላለስ ነንና።

ለመሆኑ አንድ የከተማ አስተዳደር አዲስ አሠራር የመፍጠር ችሎታ ከየት ያገኛል? በእኛ አስተያየት ከአንድ ጎበዝ ከንቲባ አይደለም። የሚሞክር፣ ያየውን የሚመዘግብ፣ የመዘገበውንም ለተተኪ የሚያስረክብ ቋሚ ክፍል ሲኖረው ነው። የብራዚሏን ኩሪቲባን እንመልከት።

ኩሪቲባ በ1965 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የከተማ ጥናትና ፕላን ተቋም አቋቋመች። ከዚያው ተቋም የወጣው አርክቴክት ዣይሜ ሌርነር በ1971 ከንቲባ ሲሆን ሐሳቡ ከሰማይ ዱብ አላለለትም፤ ከባልደረቦቹ ጋር ሲያብላላው የኖረ ነበር። በ1972 ዋናውን የንግድ ጎዳና ለመኪና ዘግተው ለእግረኛ ሰጡ፤ ያውም ቅዳሜና እሁድን ተጠቅመው። ባለሱቆች ገበያ ይቀዘቅዝብናል ብለው ሰግተዋል። ባለመኪናዎች ጥሰው ሊገቡ ነው ሲባል ከንቲባው ፖሊስ ከማሰለፍ ይልቅ ጎዳናው ላይ ረጅም ወረቀት አስዘርግቶ ሕፃናት ሥዕል እንዲሥሉበት አደረገ። ሕፃናት በተቀመጡበት ማን ይነዳል? (እዚህ ላይ መምህር የሆነ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።)

ለምድር ውስጥ ባቡር የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ተከፈተ። ነገሩ በዚያ አልቆመም። ጊዜ የሚባክነው ሰዉ ቲኬት ሲቆርጥና ደረጃ ሲወጣ መሆኑ ስለታየ፣ በ1991 ሂሳብ አስቀድሞ የሚከፈልበት፣ ወለሉም ከአውቶቡሱ ወለል እኩል የሆነ ቱቦ መሳይ ፌርማታ ተሠራ። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ቱቦው 17 ዓመት ነው! ከንቲባዎች ተፈራርቀዋል፤ ጥናቱን የያዘው ክፍል ግን ከቦታው አልጠፋም። የቆሻሻ መኪና በማይገባባቸው የድሆች ሰፈሮችም ነዋሪው ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያስረክብ የአውቶቡስ ቲኬት ወይም ምግብ ይሰጠው ጀመር። ይኼ ምን ረቂቅ ሳይንስ ይጠይቃል?

ይሁን እንጂ ሁሉን አናወድስም። ሌርነር ሁለት ጊዜ ከንቲባ የሆነው በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን በሹመት እንጂ በሕዝብ ምርጫ አልነበረም። ሕዝብን መጠየቅ ለመማር እዚያው ብራዚል ፖርቶ አሌግሬ ይሻላል፤ ከ1989 ጀምሮ ነዋሪው በየሰፈሩ ተሰብስቦ ከበጀቱ ከፊሉ በምን በምን ላይ እንደሚውል ይወስን ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከማስተማር ልምምድ ስንመለስ እያንዳንዳችን ሪፖርት እንጽፋለን፤ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደታጨቀ፣ ጠመኔ ሲያልቅ በምን እንዳስተማርን፣ የትኛው ዘዴ እንደሠራና የትኛው እንደከሸፈ። ማርክ ከተሰጠ በኋላ ወረቀቱ በሲባጎ ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከእኛ በፊት የነበሩት የጻፉትን አንብቦ ለልምምድ የወጣ ሠልጣኝ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! ማዘጋጃ ቤት አይማርም ብለን የምናማ ሰዎች፣ የራሳችን ተቋም የሚማርበትን ወረቀት አቧራ እያለበሰው ነው።

ስለዚህ ሪፖርቶቹ በትምህርት ዓይነት ተለይተው ለሚቀጥለው ዙር ሠልጣኞች እንዲነበቡ እንጠይቃለን። ኮሚቴ ሲባል የሚያዛጋ እንዳለ እናውቃለን፤ እኛም እናዛጋለን። የምንፈልገው አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መዝገብ፣ ከመምህራን አንድ ኃላፊ፣ በሳምንትም አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አይሆንም የሚል ካለ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ባዶ ቦታ ትተንለታል፤ ጽፎ ይለጥፍ።