ፈረስ የሞተበት ጎረቤት

የገበሬ በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ቢሰበር አገሩ የሚያደርገውን ያውቃል። ነፍሱ ሳትወጣ ይታረዳል፣ ሥጋው በመደብ ይከፈላል፣ ጎረቤት ሁሉ ድርሻውን ወስዶ ገንዘቡን ያዋጣል። ቆዳውም ይሸጣል። ባለቤቱ በተሰበሰበው ላይ ጥቂት ጨምሮ ወይፈን ይገዛል። ምጽዋት ሰጠሁ የሚል የለም፣ ምጽዋት ተቀበልኩ ብሎ የሚያፍርም የለም። ሁሉም ሥጋ ነው የገዛው። ደግነቱ ቅርጫው ውስጥ ተሸሽጓል።

ፈረስ ሲሞት ይህ መላ አይሠራም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋውን አይበላም። ለባለቤቱ የሚተርፈው ከመንገድ ጎትቶ የሚያነሳው ሬሳ፣ ያልተከፈለ የመኖ ዕዳና የቆመ ጋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈረስ ለሞተበት ሰው የሚዋጣ ብር በምላሹ አንዲት ቁራጭ ሥጋ እንኳ አያስገኝም። የባለፈረሶችን መረዳዳት ከብዙ መረዳዳት አስበልጬ የማከብረው ለዚህ ነው። የምሰጋለትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሰው ልብ በቀር ሌላ መደገፊያ የለውም።

አገራችን ውስጥ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ። ደጋው ላይ የሚጫነውና የሚጋለበው ይበዛል፤ በየከተማው ደግሞ ጋሪ የሚጎትተው አለ። ባጃጅ ቦታውን እየወሰደበት ቢሄድም፣ አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር ጤፉን ወፍጮ ቤት፣ ሲሚንቶውን ግንባታው ድረስ የሚያደርሰው ዛሬም ጋሪ ነው። ባለጋሪ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ያገኛል፤ ፈረሱም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ እንቅስቃሴ ሲገደብ ብዙ ሰው ሥራ ፈቶ ቤቱ ተቀመጠ። ባለጋሪው ግን ገቢ በሌለበት ሁለት ዓይነት ሆድ ነበረበት፤ የልጆቹና የፈረሱ። ፈረስ ሥራ ፈታ ተብሎ መብላት አያቆምም።

እንዲህ ባለው ጊዜ ጋሪ ተራ ላይ የሚደረገውን ያየ ሰው ብዙ ይማራል። ፈረሱ ያነከሰበት ሰው ተራው ሲደርስ አይታለፍም፤ አንዱ «እስከ ምሳ ድረስ ዳማዬን ወስደህ ሥራ፣ ከዚያ በኋላ እኔ እረከብሃለሁ» ይለዋል። ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ገንዘብ የሚያበድር ሰው ቢበዛ ገንዘቡን ያጣል። ፈረሱን የሚያውስ ሰው ግን የነገ እንጀራውን ለሌላ ሰው እጅና አለንጋ አምኖ ይሰጣል። አንዱ ግማሽ ኩንታል ፉርሽካ ያካፍላል፤ ሌላው አገር ቤት ሲሄድ ድርቆሽ ይዞ ይመለሳል። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አይረሳውም።

ተደራጅቶ የቆየም አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ጣልያን ገና ከአገር ሳይወጣ ነው። በአድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ የቆመ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየው ትርኢት ብዙ እንግዳ ይስባል። እኔን የሚስበኝ ግን ከትርኢቱ ጀርባ ያለው ነገር ነው። አባላቱ የሚገናኙት ለጉግስ ብቻ አይደለም፤ በሐዘን ይደራረሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ፈረስ ያላቸው ሰዎች ፈረሳቸውን ምክንያት አድርገው እርስ በርስ መጠባበቅ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የከተማው ባለጋሪ ይህ ጎድሎታል። ዕቁብ አለው፤ ዕቁብ ግን የሚደርሰው በዕጣ እንጂ በችግር ቀን አይደለም። ዕድርም አለው፤ የዕድሩ መዝገብ ግን የሚያውቀው ሚስትን፣ ልጅን፣ እናትና አባትን ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያለ በፈረስ ስም የጠራ አገር ፈረሱን በመዝገቡ ላይ አላሰፈረውም። ኢንሹራንሱም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። በ2004 ዓ.ም. ቦረና ላይ የተጀመረው የድርቅ መድን ከብትን፣ ግመልን፣ በግና ፍየልን ይዞ ነው የተነሳው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው፤ ባለጋሪዎች በየዕድራቸው ለፈረስ የሚሆን የመዋጮ ሣጥን ይክፈቱ።

«ሰው በሚቀበርበት ገንዘብ ፈረስ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ፈረስን ከሰው ጋር አላስተካክልም፤ ሣጥኑም የተለየ ይሁን። ግን ፈረሱ የሞተበት ቤት ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያስቀር፣ ዕቃውን ሲሸጥ፣ አራጣ ሲበደር አይተናል። ዕድሩ የሚደርሰው ለዚያ ቤት ነው።

«ፈረሱን አሠቃይቶ ገድሎ ካሳ የሚጠይቅ ቢመጣስ?» ይህኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ መልሱ ግን እዚያው ተራው ላይ አለ። የማን ፈረስ እንደከሳ፣ የማን ጀርባ እንደተላጠ፣ ማን ያነከሰውን እንደሚነዳ ጓደኞቹ ከማንኛውም መርማሪ በላይ ያውቃሉ። ያላስከተበና ቁስል ላይ ዕቃ የጫነ አይካስም የሚል ደንብ ይውጣ። ያኔ ሣጥኑ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ፈረሱንም ይጠብቃል።

ክትባቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ደዌ ዝናብን ተከትላ በምትበዛ ጥቃቅን ትንኝ ይተላለፋል፤ ሲብስ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሌላም አለ፤ የጋሪ ፈረሶችን አንገትና እግር ተራ በተራ እያቆሰለ የሚያሰቃየው የፈንገስ በሽታ በዝንብ ብቻ ሳይሆን ከፈረስ ወደ ፈረስ በሚዘዋወር ልጓምና መጫኛም ይጋባል። እንግዲህ ከደግነት የተነሳ የተዋሰ ዕቃ ሌላ ፈረስ ሊያጠፋ ይችላል። መረዳዳትም ዕውቀት ይፈልጋል፤ ፈረስህን አውስ፣ ፈረሱ ለቆሰለበት ግን ዕቃህን አታውስ። የእንስሳት ሐኪም በዓመት አንድ ቀን ዕድሩ ስብሰባ ላይ ተጋብዞ ይህን ቢያስረዳ ወጪው ከአንድ ኩንታል መኖ አይበልጥም።

በየከተማው ዳር ሌሊት ተለቀው ጅብ የሚጠብቃቸውን ያረጁ ፈረሶች አይተን ባለቤቱን ጨካኝ ማለት ይቀለናል። ከእነርሱ ብዙዎቹን የለቀቃቸው ጭካኔ ሳይሆን የሁለት ፈረስ መኖ ማጣት ነው። አሮጌውን እየቀለበ አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ምን ያድርግ? አለመልቀቅ ግዴታው እንዲሆን ከፈለግን አለመልቀቅ የሚችልበትን አቅም አብረን መፍጠር አለብን።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። የጋሪ ፈረስ የድርሻውን አድርሷል፤ የቀረው የሰው ድርሻ ነው። ዕድሮች ሒሳብ ሲዘጉ አንድ ቀላል አጀንዳ ይያዝ፤ ከየአባሉ በወር ስንት ይዋጣ፣ ማን ይቆጣጠር፣ መቼ ይከተብ። ጥቂት ባለጋሪዎች ባሉበት አንድ ተራ መጀመር ይበቃል። ክረምቱ ወጥቶ ትንኙ ሳይበዛ ከተጀመረ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዓመት ስንት ፈረስ እንደተረፈ በመዝገቡ ላይ መቁጠር ይቻላል።