ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም

«ሊኑክስ ባትሪ ይጨርሳል፣ ላፕቶፕ ያግላል፣ ለእኛ አገር አይሆንም።» ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት ይህን ፍርድ ደጋግሞ ይሰማል። ፍርዱ የችኮላ ነው፤ የተከሰሰውም ጥፋተኛው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ ይዘው ይሸጣሉ። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ነው፤ ለጽሑፍ፣ ለፊልም፣ ለኮድ ይበቃል። ሁለተኛው ራሱን የቻለ የኤንቪዲያ ቺፕ ነው፤ ጉልበቱ ትልቅ፣ ሆዱም ትልቅ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 «ኦፕቲመስ» ብሎ ያመጣው ሐሳብ መልካም ነበር፦ ትልቁ ይተኛ፣ ከባድ ሥራ ሲመጣ ብቻ ይነሣ። ታዲያ ማስተኛውንና መቀስቀሻውን ለዊንዶውስ ሰጥቶ ሊኑክስን ነፈገው። ድራይቨሩ ዝግ፣ አሠራሩ ድብቅ ሆነ። ሊኑክስ ላይ ትልቁ ቺፕ ሥራ ፈቶ ባትሪ ሲግጥ የሚውለው በዚህ የተነሣ ነው።

ክፍተቱን ለመድፈን የተነሡት በነጻ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዋጋ አስከፍሏል። «ባምብልቢ» የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መጫኛ ውስጥ ያለቦታዋ የገባች አንዲት ክፍት ቦታ፣ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ዋና የሲስተም ማህደር ጠርጋ ታጠፋ ነበር! ባለቤቱ የተወውን ሥራ ሌላው በግምት ሲሠራ እንዲህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ፊንላንድ፣ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ተሳታፊ ይህንኑ ኦፕቲመስ አንሥታ ስትጠይቅ፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ወደ ካሜራው ዞሮ ለኤንቪዲያ የመሐል ጣቱን አሳየ። ድርጊቱ ነውር ነበር፤ ንዴቱ ግን ተገቢ ነበር።

«ያ አለፈ፣ ኤንቪዲያ እኮ ከፍቷል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድን ፕሮግራም ብቻ ለይቶ በትልቁ ቺፕ ማስኬድ ተቻለ፤ በሜይ 2022 ደግሞ ኩባንያው የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ከፈተ። ለየትኛው ቺፕ? እ.ኤ.አ. በ2018 ለወጣው «ቱሪንግ» እና ከእሱ በኋላ ለመጡት። ድራይቨሩ ቺፑን ሥራ ሲፈታ በራሱ ማጥፋት የሚችለውም ከቱሪንግ ወዲህ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ለሚማር ልጅ በሩ እንደተዘጋ ነው።

ይህ የቴክኒክ ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ የሰሜን ሸዋን ኑሮ ያስብ። መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት በሚቆይና አራት ሰዓት በሚቆይ ባትሪ መካከል ያለው ልዩነት ያላለቀ ወይም ያለቀ አሳይመንት ነው። ለእረፍት አንኮበር የወረደ ተማሪ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ድራይቨር ከየት ያወርዳል? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። የኤንቪዲያው ለብቻው ይጫናል፤ ከርነሉ ታድሶ እሱ ካልተከተለ ጥቁር ስክሪን ይጠብቃል።

ስለዚህ ወቀሳው ለገዢውም ይድረስ። ዩኒቨርሲቲም ሆነ መሥሪያ ቤት የላፕቶፕ ጨረታ ሲያወጣ «ራሱን የቻለ ግራፊክስ» የሚል መስመር ለክብር ያህል ከሚያስገባ፣ «ድራይቨሩ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ» ብሎ ይጻፍ። ባለሦስት አቅጣጫ ምስል ለሚሠራ ወይም ሞዴል ለሚያሠለጥን ትልቁ ቺፕ ያስፈልገዋል። ለሌላው በብር የተገዛ ማሞቂያ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ቢከፋም ለዚያ ጋቢ አለ።

ላፕቶፑ አስቀድሞ የተገዛ ከሆነ ኡቡንቱ ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ «ፕራይም-ሰሌክት» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ኢንቴልን መርጦ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ በብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የተያያዘው ከኤንቪዲያው ቺፕ ጋር ስለሆነ፣ ኢንቴል ላይ እንዳለ ፕሮጀክተር አይሠራም። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያቀርብ ተማሪ ከዋዜማው ይመልሰው።