ቴሌቪዥኑን መቼ እንቀይር?

 

ረመዳን ሲቃረብ ወይም ትልቅ የእግር ኳስ ውድድር ሊጀመር ሲል በብዙ ቤቶች አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ልጆች «ጎረቤት 55 ኢንች ፎርኬ ገዝቷል፤ የእኛ ግን ምስሉ ደብዛዛ ነው» ይላሉ። እናት «ያለው ምን ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች። አባት የእቁቡ ተራ መቼ እንደሚደርስ በልቡ ያሰላል። በአንዱ ቤት ነገሩ በኩርፊያ ያበቃል፤ በሌላው ቤት ለትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠው ገንዘብ ለስክሪን ይወጣል።

ቴሌቪዥን በሙስሊም ቤት ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን የዑለማዎች ውይይት ዛሬ አናነሳም። የምናነጋግረው ቴሌቪዥን ያለውን፣ ጥያቄውም «የተሻለ ጥራት ወዳለው መቼ እንሸጋገር?» የሆነበትን ቤተሰብ ነው። መልሳችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ቴሌቪዥን የሚቀየረው የምስሉ ድክመት ከራሱ ከቴሌቪዥኑ መሆኑ ሲረጋገጥና ዋጋው የማንንም ሐቅ የማይነካ ሲሆን ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

ጥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

በአገራችን የቴሌቪዥን ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀመር ምስሉ የሚሠራው በ625 መስመሮች ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ምስል የሚይዙት 576 ያህሉ ነበሩ። የዛሬው ስክሪን የሚለካው ፒክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080፣ ማለትም ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች አሉት። ፎርኬ ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ይሁንና አራት እጥፍ ነጥብ ማለት አራት እጥፍ ያማረ ምስል ማለት አይደለም። የሰው ዓይን ከተወሰነ ርቀት በኋላ ተጠጋግተው ያሉ ነጥቦችን ለይቶ ማየት አይችልም። የ43 ኢንች ስክሪን ወርዱ 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፉል ኤችዲ ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው ከ1 ሜትር ከ70 አካባቢ ርቆ ከተቀመጠ እነዚህን ነጥቦች መለየት ያቅተዋል። ለ55 ኢንች ይህ ርቀት 2 ሜትር ከ20፣ ለ65 ኢንች ደግሞ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። እንግዲህ መጅሊሱ ከስክሪኑ 3 ሜትር ርቆ በተነጠፈበት ሳሎን ውስጥ ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ አውርዶ በዚያው መጠን ፎርኬ መስቀል ለዓይን የሚጨምረው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን በቀለሙና በብርሃኑ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ ግን ከነጥቡ ብዛት የተለየ ጉዳይ ነው።

ከምንጩ እስከ ስክሪኑ

ምስል ወደ ቤታችን የሚደርሰው በሰንሰለት ነው። ጣቢያው ይልካል፣ ዲሹ ይቀበላል፣ ሪሲቨሩ ይፈታል፣ ሽቦው ያደርሳል፣ ስክሪኑ ያሳያል። ከእነዚህ አንዱ ደካማ ከሆነ የመጨረሻውን መቀየር ብቻውን አይፈይድም።

አንደኛ፣ ጣቢያውን እንይ። ከሳተላይት በነፃ ከምናገኛቸው ጣቢያዎች ብዙዎቹ በኤችዲ ያስተላልፋሉ፤ በፎርኬ የሚያስተላልፉት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ፎርኬውን ከኢንተርኔት ለማየት የሚያስብ ሰው በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሜጋቢት የሚደርስ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ለአንድ ሰዓት ፊልም እስከ 7 ጊጋባይት ሊሄድ ስለሚችል የኢንተርኔቱንም ወጪ አብሮ ያስላ።

ሁለተኛ፣ ሪሲቨሩን እንይ። የድሮው ሪሲቨር የኤችዲ ስርጭትን መፍታት አይችልም። ስክሪኑ የፈለገውን ያህል ቢያምር የሚደርሰው አሮጌው ምስል ነው።

ሦስተኛ፣ ሽቦውን እንይ። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ጫፍ ያለው የኤቪ ሽቦ የሚያደርሰው የድሮውን ጥራት ብቻ ነው። ኤችዲ ቴሌቪዥንና ኤችዲ ሪሲቨር ያለው ቤተሰብ በዚህ ሽቦ አገናኝቷቸው ከሆነ ምስሉ ደብዛዛ መሆኑ አይቀርም። መድኃኒቱ የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው፤ ዋጋውም ከቴሌቪዥኑ ጋር አይወዳደርም። ከዚያም በሪሲቨሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ 1080 የሚለውን መምረጥ ነው።

አራተኛ፣ ምስሉ የሚቆራረጥ ወይም ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚለወጥ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ከዲሹ ወይም ከኬብሉ እንጂ ከስክሪኑ አይደለም።

ሱቅ ስንገባ

በሱቅ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የሚያሳየው ለማስታወቂያ የተዘጋጀ የፎርኬ ቪዲዮ ነው። ብርሃኑና ቀለሙ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። እኛም ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመን እናያለን። ስለዚህ ሻጩን ቤታችን የምናየውን ዓይነት ተራ ጣቢያ እንዲከፍትልን ጠይቀን፣ ቤታችን በምንቀመጥበት ርቀት ልክ ወደ ኋላ ብለን እንይ። በካርቶኑ ላይ «ፎርኬ» የሚል ጽሑፍ መኖሩም አይበቃም። የፎርኬ ምስል ተቀብሎ አሳንሶ የሚያሳይ ስክሪንም በዚሁ ስም ሊሸጥ ይችላል። ስክሪኑ ራሱ 3840 በ2160 መሆኑን ጠይቀን በደረሰኙ ላይ እናስጽፍ።

ሻጭ ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ገዢ እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ገሥጸውታል። የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠንቅቀዋል። የቴሌቪዥኑን እውነተኛ ጥራት ከካርቶን ጀርባ መደበቅ ከዚህ በምን ይለያል?

ገንዘቡስ?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ የደጋግ ባሮቹን ባሕርይ ሲገልጽ ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይቆጥቡትም ከልክ ያለፈ፣ በሁለቱ መካከል የሚሄዱ መሆናቸውን ይነግረናል። በሱረቱል ኢስራእ 26ኛው አንቀጽ ደግሞ ከማባከን የከለከለው የዘመድን፣ የሚስኪንንና የመንገደኛን ሐቅ እንድንሰጥ ካዘዘ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እናስተውል።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ። የተቀመጠው ገንዘብ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ የጨረቃ ዓመት ሞልቶት እንደሆነ፣ «ለቴሌቪዥን ያስቀመጥኩት ነው» ማለት ዘካውን አያስቀረውም፤ 2.5 በመቶው ወጥቷል ወይ? ቀኑ የደረሰ ዕዳ አለብን ወይ? የልጆች ትምህርት፣ የወላጆች ሕክምና፣ የቤት ሠራተኛችን ደመወዝ ተሟልቷል ወይ? በወለድ ብድር ልንገዛ አስበን ከሆነ ደግሞ ለመዝናኛ ዕቃ ብሎ ወደ ሪባ መግባት ከቶ የሚመከር አይደለም። እቁብ መልካም ዘዴ ነው። ነገር ግን ቀድሞ የደረሰው ሰው የቀሪውን ዙር ዕዳ ተሸክሞ ነው ገንዘቡን የሚቀበለው፤ ሁሉንም ለስክሪን ካዋለ በኋላ በየሳምንቱ ከምን ይጥላል?

በሌላ በኩል ቁጥብነት ብለን ተገቢውን ወጪ መከልከልም ልክ አይደለም። ዓይናቸው የደከመ እናታችን ከመካ የሚተላለፈውን የሐረም ሰላት ለማየት አንገታቸውን እየሰገጉ ከሆነ፣ አቅሙ ላለው ልጅ ትልቅ ስክሪን መግዛት በጎ ሥራ ነው። እሳቸውን የሚረዳቸው ግን የነጥቡ ብዛት ሳይሆን የስክሪኑ ስፋት መሆኑን አውቀን እንግዛ። የአሮጌው ጥገና የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ሲጠጋም መቀየሩ ያዋጣል። አሮጌው የሚሠራ ከሆነ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ይሰጥ። የተበላሸውን ግን «ሰደቃ ነው» ብለን በሰው ላይ አንጫን፤ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በስተቀር የማንቀበለውን ለምጽዋት እንዳንመርጥ በሱረቱል በቀራህ 267ኛው አንቀጽ ተነግሮናልና።

በመጨረሻም ውሳኔው በምክክር ይሁን። ቴሌቪዥን ይቀየር ያለውን ልጅ «አርፈህ ቁጭ በል» ከማለት ሜትር ሰጥቶ ከመጅሊሱ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት እንዲለካ፣ የሽቦውን ዓይነት እንዲያይ፣ የሚወዷቸው ጣቢያዎች በምን ጥራት እንደሚተላለፉ እንዲያጣራና ለቤተሰቡ እንዲያስረዳ ማድረግ ይሻላል። ልጁ በዚህ መንገድ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መመርመር እንዳለበት ይማራል። መልሱ «ይገዛ» ሆነም «ይቆይ»፣ ምክንያቱን ራሱ ያገኘው ስለሆነ አያኮርፍም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ወጪያችንን ልከኛ፣ ቤታችንን የስምምነት ቤት ያድርግልን። አሚን።