ከጎመኑ መደብ የሚነቀለው ልት

ክረምት ሲጋመስ ጓሮውን የሚያርም ሰው እጁ ቀድሞ የሚያርፈው ልት ላይ ነው። ቆስጣው ገና ቀና ሳይል ልት ክብ ክብ ቅጠሉን ዘርግቶ መደቡን ይሞላዋል። ነቅሎ ለመጣልም እልህ ያስጨርሳል። ግንዱ እጅ ላይ ተበጥሶ ይቀራል፤ ሥሩ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ነውና ሙጭጭ ይላል። በመከራ የተነቀለው አጥር ሥር ይወረወራል፤ አራሚውም ለወጥ የሚሆን ጎመን ሊገዛ ወደ ገበያ ይወጣል።

የወረወረው ራሱ ጎመን ነበር።

ልት ከጥጥ፣ ከባሚያና ከከርከዴ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ዝምድናው ጣት ላይ ይታወቃል፤ ለጋ ቅጠሉን ጨፍልቆ ያሸው ሰው እንደ ባሚያ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ያገኛል። አበባው ትንሽ ነው፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ አምስት ቅጠል ያለው። ፍሬው ደግሞ ልብ ብሎ ላየው በልኩ የተቆራረጠ ድፎ ዳቦ ይመስላል፤ አሥር ያህል ቁራሽ ዙሪያውን ተደርድሮ፣ በእያንዳንዱ ቁራሽ ውስጥ አንድ ዘር። ዐረቦችም ያዩት ይህንኑ ነው። ተክሉን ኹበይዛ ሲሉ የጠሩት ዳቦ ከሚለው ኹብዝ ከተባለው ቃላቸው አውጥተው ነው።

በኢትዮጵያ ልት ከሚባሉት ዝርያዎች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ማልቫ ቨርቲሲላታ ይባላል። ይህ ዝርያ በጥንታዊት ቻይና የአትክልት ሁሉ አለቃ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጂያ ሲሼ የተባለው የግብርና ሊቅ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አትክልት አዘራር ሲያስተምር ከፊት ካስቀመጣቸው አንዱ ይኸው ተክል ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1578 የመድኃኒት መጽሐፉን የፈጸመው ሊ ሺዠን ግን የሚዘራውም የሚበላውም ሰው እየጠፋ መሆኑን ታዝቦ ከዕፀዋት መድኃኒት ተራ መደበው። ሌሎች ጎመኖች ቦታውን ወስደውበት ነበር። ጎረቤት ኮሪያ ግን አልተወችውም። ዛሬም አውክ በሚል ስም ይዘራል፤ ከአኩሪ አተር ሊጥ ጋር ሾርባ ሆኖ ይቀርባል። በሞሮኮም የቅርብ ዘመዱ በቁላ እየተባለ በእስር በእስር ለገበያ ይወጣል፤ ቀቅለው በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በወይራ ዘይት ያሹታል።

በኢየሩሳሌምና በአካባቢዋ ደግሞ የኹበይዛ ታሪክ ከራብ ጋር የተጋመደ ነው። የፍልስጥኤም ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት ጠብሰው ይበሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከተማዋ ተከብባ ስንቅ ሲቋረጥ፣ አይሁድ ነዋሪዎቿ በየሜዳው እየለቀሙ ቀቀሉት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ዱቄት በጠፋበት በሰሜን ጋዛ ቤተሰቦች ከጦርነቱ ፍርስራሽ መካከል የለቀሙት ይህንኑ ቅጠል ነው።

ልትን የጎዳውም ይኸው የራብ ጊዜ ምግብ የመባል ስም ሳይሆን አይቀርም። በችግር ቀን የተበላ ቅጠል በጥጋብ ቀን ማዕድ ላይ ቢቀርብ ያሳፍራል። ይሁንና ይህ ስም እንደሚነሳ ሽፈራው የተባለው ዛፍ አሳይቷል። ኮንሶዎች ለዘመናት ከማሳቸው መካከል እየተከሉ የበሉት የሽፈራው ቅጠል፣ ዛሬ ተፈጭቶና ታሽጎ በአዲስ አበባ ሱቆች ይሸጣል።

ልት በኢትዮጵያ እስካሁን የሚታወቀው ይበልጡን በመድኃኒትነቱ ነው። በየአካባቢው የባህል ሕክምናን ያጠኑ ተመራማሪዎች ሥሩና ቅጠሉ ለቁስል፣ ለእብጠትና ለቆዳ ሕመም እንደሚውል መዝግበዋል። ቅጠሉ ወጥ መሆን መቻሉ ግን ያን ያህል አልተወራለትም።

ልት እንከን የለውም ማለት አይደለም። በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ እሱን አብዝተው የጋጡ በጎች ሲነዱ እየተንቀጠቀጡ የሚወድቁበት ሕመም ይታወቃል። ዘሩን የለቀመች ዶሮ የጣለችው እንቁላል ሲቆይ ነጩ ክፍል ወደ ሮዝ ቀለም ሊለወጥ ይችላል። ፍግ በበዛበት አፈር ላይ የበቀለ ልት ናይትሬት ያጠራቅማል። ስለዚህ ከበረት ደጃፍ፣ በብክለትም የተነሳ ከመንገድ ዳር ወይም ፍሳሽ ከሚገባበት ከአቃቂ ወንዝ ዳርቻ የሚለቀም ልት ለድስት አይሆንም። ይህ ሁሉ ግን ልትን ከጓሮ ለማባረር ሳይሆን በንጹሕ መደብ ላይ አውቆ ለማልማት የሚቀርብ ምክንያት ነው።

ልማቱም አያስቸግርም። የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ በአሸዋ ወረቀት ፈተግ አድርጎ ውኃ ውስጥ ማሳደር ይረዳዋል። ሥሩ መነካት ስለማይወድ ችግኝ አፍልቶ ከማዛወር እዚያው መደቡ ላይ መዝራት ይሻላል። ሲበቅል በየስንዝሩ አንድ እያስቀሩ ማሳሳት፣ ከወር ተኩል በኋላ ከላይ ከላይ ለጋውን መቅጠፍ ነው። በተቀጠፈ ቁጥር ያቆጠቁጣል። በቅጠሉ ጀርባ የዋግ ነቁጥ ከታየ የታመመውን ለቅሞ መጣል፣ ፍሬ ማንጠልጠል ሲጀምር ደግሞ ለዘር ከሚፈለገው በቀር መቁረጥ ያስፈልጋል። ያለዚያ በሚቀጥለው ክረምት እውነትም አረም ይሆናል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተትን፣ እንቁላልንና ማርን ወደ ማዕድ ለማምጣት ብዙ ደክሟል። ከሌማቱ ላይ ቅጠልም ሊጎድል አይገባም። የግብርና ተመራማሪዎች ከደጋው የልት ዝርያዎች የትኛው ለምግብ እንደሚሻል ቢለዩ፣ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ዘሩን ቢያሰባስብ፣ የልማት ሠራተኞች ለገበሬው በእርግጠኝነት የሚነግሩት ነገር ያገኛሉ። የጓሮ ባለቤት ግን ያንን መጠበቅ አይኖርበትም። በመጪው ክረምት ከንጹሕ መደቡ ሲያርም ለጋ ለጋውን ለይቶ ያጥበው፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በትንሽ ዘይት ያብስለው፤ በእንጀራ ይቅመሰው።