ተነሥቶ የሚጠፋ ሞተር

ዛሬ ከጓዳ ወጥተን በደጅ ስለ ቆመችው መኪና ጥቂት እንጨዋወታለን። ርእሱ የባሎች ብቻ የሚመስላቸው እመቤቶች ቢኖሩ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች በምንተርከው ጉዳይ እውነቱን ያገኘችው ሴት ናትና።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ካስተም በተባለው የገበያ ሠፈር ነው። ካስተም ማለት ጉምሩክ ማለት ነው። ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ ተነሥቶ ጁባ የሚገባው የ192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. አስፋልት ሆኖ ከተመረቀ ወዲህ ለከተማይቱ የሚያስፈልገው ሸቀጥ አብዛኛው በዚሁ መሥመር ይገባል። ከሸቀጡም ጋር በሌላ አገር ብዙ ዘመን ያገለገሉ መኪኖች ይመጣሉ። በሠፈሩ አማርኛ የሚናገር ወገን አይታጣም።

በዚያ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት አንዲት አሮጌ የቤንዚን መኪና ነበረቻቸው። መኪናይቱ ተነሥታ መጥፋት ስትጀምር ባልየው አዲስ ባትሪ ገዛ። ዓመሏ አልተወም። ቀጥሎ የቤንዚን ፖምፓዋን አስቀየረ። አሁንም አልተወም። የሱቁ ትርፍ በዚህ ሁኔታ ሲያልቅ፣ አንድ ምሽት ሕፃን ልጃቸው በብርቱ ትኩሳት ተያዘ። ወደ ሐኪም ሊያደርሱት መኪናው ውስጥ ገቡ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ጸጥ አለ። ባልየው በድንጋጤ ደጋግሞ ሞከረ፤ አዲሱም ባትሪ ይደክም ጀመር።

ሚስቲቱ ልጁን ታቅፋ ከጎኑ ተቀምጣ ስትመለከት ቆየችና፣ «አንተ፣ እስቲ ቀስ በል። ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን እዚያው ላይ አቁመው። በፊት እዚህ ጋ ቀያይ መብራቶች ይበሩ አልነበረም? አሁን እኮ አንድም የለም» አለችው። ባልየው ቁልፉን አቁሞ ቢያይ እንዳለችው ነው። ቁልፉን በዝግታ ወዲያና ወዲህ ሲያነካካው መብራቶቹ ብልጭ ብለው ጠፉ፤ ደግሞም በሩ። እንደ በሩ አስነሣ፤ ሞተሩም ጸና። በዝግታ እየነዱ ደረሱ፤ ልጁም ታክሞ ዳነ። በማግሥቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የቁልፉን ቤት ፈትቶ ሲያየው በውስጡ ያሉት መገናኛዎች ተቃጥለው ተበልተው ተገኙ። ባትሪውም ፖምፓውም ጥፋት አልነበረባቸውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቻርለስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 እ.ኤ.አ. በካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ ወዲህ ሞተርን በእጅ ብረት መምታት እየቀረ ሄደ። ዛሬ አንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ ይሠራል። እስከ ጫፍ ሲዞር ለሞተሪኖው ኃይል ይሰጣል፤ ተለቆ ሲመለስ ደግሞ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቦቢናውንና የቤንዚን ፖምፓውን መመገብ ይቀጥላል። የመጀመሪያው መንገድ ደኅና ሆኖ ሁለተኛው ከተቋረጠ ሞተሩ ይነሣል፤ ወዲያው ግን ይጠፋል። ስለዚህ ሞተሩ መነሣቱ የኤሌክትሪኩ መሥመር ሁሉ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ወታደር ኢላማውን ሳያይ ጥይት አያባክንም። እንደዚሁም ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚከተለውን በተራ መመርመር ይገባል።

አንደኛ፤ ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሣ አቁመው የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን ይመልከቱ። ካልበሩ ወይም ከተርገበገቡ ፊውዞቹንና የቁልፉን ቤት ያስመርምሩ። ከባድ የቁልፍ ዘለላ ማንጠልጠልም የቁልፉን ቤት ያደክማል።

ሁለተኛ፤ የባትሪውን ማሰሪያዎች ይዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ሞተሩን አጥፍተው በመጀመሪያ ነጌቲቩን ይፍቱ፤ ጠርገው ሲመልሱ ነጌቲቩን በመጨረሻ ይሰሩ። ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው የማሳ ሽቦም አይረሳ፤ እርሱ ከላላ ሁሉም ነገር ያብዳል።

ሦስተኛ፤ ዲናሞውን በቴስተር ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል። ከፍ በማለት ፈንታ እየወረደ ከሄደ ዲናሞው ወይም ቺንጊያው ሥራውን ትቷል፤ መኪናው በባትሪው ስንቅ ጥቂት ተጉዞ ይቆማል።

አራተኛ፤ የሚጠፋበትን ሰዓት ይያዙ። ቁልፉ እንደ ተለቀቀ ከሆነ ጥርጣሬው በቁልፉ ቤት ላይ ነው፤ ፑንቲና ባላቸው ጥንታዊ መኪኖች ደግሞ የቦቢናው ሬዚስታንስ ይጠረጠራል። ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በኋላ ከሆነ የፖምፓው ሪሌ ወይም የስርቆት መከላከያው ሊሆን ይችላል። ሞቆ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ ቦቢናው ወይም የሞተሩን መዞር የሚቆጥረው ሴንሰር ይመርመር። በብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች በፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሞተሩን ያጠፋል። በኤሌክትሪክ የሚጠፋ ሞተር ብዙውን ጊዜ በድንገት ጸጥ ይላል፤ እያሳለና እየተንገዳገደ የሚጠፋ ግን በአብዛኛው ነዳጅ አጥቶ ነው።

የአገሩም ሙቀት አይዘንጋ። በማርች 2024 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሱዳን መንግሥት ከሙቀቱ ብርታት የተነሣ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። ሰውን የሚያደክም ሙቀት የባትሪንም ዕድሜ ያሳጥራል።

ሦስት ነገሮችን ከቶ አያድርጉ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ አይንቀሉ፤ ዲናሞውንና የኮምፒዩተሩን ዕቃ ያቃጥላል። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ አያስገቡ፤ መኪናው ከነተሳፋሪው ሊነድ ይችላል። ሞተሪኖውንም ከ10 ሴኮንድ በላይ ሳያሳርፉ አያስጩኹ።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው። ሞተር በጉዞ ላይ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። ስለሆነም ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡ፤ አጥብቀው ይርገጡና እንደ ረገጡ ጠርዝ ይያዙ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን አይንቀሉ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ባልና ሚስቱ ያን ምሽት በደኅና ደረሱ እንጂ፣ የጎረቤት መኪና ቢገኝ ኖሮ የበለጠ ይሻል ነበር። የሚጠፋ መኪና ሳይጠገን ለሌሊት ጉዞና ለሕመምተኛ አይታመንም።

እንግዲህ እመቤቶች፤ በመኪናው ኪስ አንዲት ደብተርና እርሳስ አስቀምጡ። ሞተሩ መቼ እንደ ጠፋ፣ የትኛው መብራት እንደ በራ፣ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ እንደ ነበረ ጻፉ። ባለሙያው ይህን ካነበበ በግምት ዕቃ አያስገዛችሁም። ባሎችም፤ ከጎናችሁ ያለችው «ቀስ በል» ስትል እጃችሁን ከቁልፉ አንሥታችሁ አድምጡ። በካስተም የሆነው ይህንኑ ያስተምራል።