ኳሱ ባለቤት አለው፦ ፕሮ ፕሌየር መሆን ለሚመኙ ወንድሞቻችን



ሰሞኑን ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የመስጂዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እዚሁ ነቀምቴ ያደገ፣ በልጅነቱ ቁርኣን ያስቀራነው ልጅ ነው። «ኡስታዝ፣ ትምህርት ላቋርጥ ነው፤ አባቴን አናግሩልኝ» አለን። ዐረብ አገር ሊሄድ ነው ብለን ነበር። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ፐብጂ አሳየን። «ፕሮ ፕሌየር ልሆን ነው።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳቃችን መጣ። ልጁ ግን አልሳቀም። «ማትሪክ ከተፈተነው የ2014 ባች ያለፈው 3.3 ከመቶ ነው። የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4። ተማር የምትሉኝ መቶ ሰው ገብቶ ሦስትና አምስት ሰው ወደሚወጣበት በር ነው። የኔ በር ከዚህ በምን ይጠባል?» አለን።

በቦታው መልስ አልነበረንም። «ጌም የሸይጧን ሥራ ነው፣ ተወው» ብሎ ማባረር ይቻል ነበር፤ ብዙዎቻችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቁጥር ይዞ ለመጣ ሰው ቁጥር ይዞ መመለስ ይገባል። ስለዚህ ጌሙን ከሚያውቁ የጀመዓው ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስንጠይቅ ሰነበትን።

ሲጀመር፣ ሥራው የእውነት አለ። ይህን ለወላጆችም እንንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሪያድ ላይ በተካሄደው የኢስፖርት ዓለም ዋንጫ የፐብጂ ሞባይል ውድድር ብቻውን 3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ነበረው። ያሸነፈው አልፋ ጌሚንግ የሚባል የሞንጎሊያ ቡድን ነው። ሞንጎሊያ ሕዝቧ አራት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ልጃችንም ይህን ጠቅሶልናል፤ «እነሱ ከቻሉ» እያለ።

የሊጉ አሠራር ይህን ይመስላል። በአንድ ግጥሚያ 16 ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት ተጫዋች ይዘው ይገባሉ። አንደኛ የወጣ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ 6፣ ሦስተኛ 5 እያለ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ከጨዋታ ላስወጡት ሰው አንድ ነጥብ ይጨመራል። የብዙ ቀን ግጥሚያ ነጥብ ተደምሮ ደረጃ ይወጣል። አንድ ቀን እድል ቀንቶት የበላ ሰው የትም አይደርስም ማለት ነው። ከታች ለሁሉም ክፍት የሆነ ማጣሪያ አለ፤ ከዚያ የአካባቢ ሊግ፣ ከዚያ ትልቁ ሊግ፣ ከዚያ የዓለም መድረክ። ከአፍሪካ የሚነሳ ቡድን ላይኛው ደረጃ ሲደርስ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምስራቅ ቡድኖች ጋር በአንድ ሊግ ለጥቂት ቦታ ይጋፋል። ሪያድ የደረሱት 24 ቡድኖች ነበሩ። በአራት ሲባዛ 96 ሰው፣ ተጠባባቂ ሳይቆጠር። ከመላው ዓለም! በጁሙዓ መስጂዳችን ውስጥ ሁለት ሶፍ ቢሞሉ ነው። ሽልማቱም ቢሆን በቀጥታ ተጫዋቹ ኪስ አይገባም፤ በቡድኑ ውል መሠረት የቡድኑ ባለቤት ድርሻ ይነሳለታል።

የልጁ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለናል። የማትሪኩ በር የጠበበው ፈተናው ስለከበደና ትምህርታችን ስለደከመ ነው። ሆኖም ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ሁሉም ቢያመጣ ሁሉም ያልፋል፣ ያንተ ማለፍ የጓደኛህን ቦታ አይወስድም። ትንሽ የጎደለውም ሪሚዲያል ገብቶ የሚሞክርበት ዕድል ተከፍቶ አይተናል። የሊጉ በር ግን ቁጥሩ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። አንድ ቡድን እንዲገባ አንድ ቡድን መውጣት አለበት። ሺህ ጎበዝ ቢመጣም ወንበሩ አይጨምርም። «3 ከመቶ» እና «96 ሰው» ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ጥበት ያልሆኑት።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ አስደንግጦናል። እግር ኳስ ባለቤት የለውም፤ ጨርቅ ጠቅልለህም ሜዳ ላይ ትጫወታለህ፣ ማንም ኳስን ከዓለም ላይ ሊያጠፋው አይችልም። ፐብጂና ፍሪ ፋየር ግን የኩባንያ ንብረት ናቸው። ሕጉን የሚያወጣው፣ የሊጉን ፕሮግራም የሚቆርጠው፣ ሲፈልግም አካውንትህን የሚዘጋው ባለቤቱ ነው። ከባለቤቱም በላይ መንግሥታት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢራቅና ዮርዳኖስ ፐብጂን ከለከሉ። ሕንድ በመስከረም 2020 ፐብጂ ሞባይልን ስትዘጋ እሱን ብለው ትምህርትና ሥራ የተዉ ልጆች በአንድ ቀን ሜዳቸው ተነጠቀ፤ ጌሙ በሌላ ስም የተመለሰው በሐምሌ 2021 ነው። በየካቲት 2022 ደግሞ ተራው የፍሪ ፋየር ሆነ። አሥር ወር ሥራህ ተዘግቶ ስትቀመጥ ማን ያበላሃል?

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን አገር እንይ። ከታህሳስ 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት፣ ሦስት ወር ገደማ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ኢንተርኔትም ስልክም ተቋርጦ እንደነበር የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎና የሻምቡ ወንድሞቻችን አይረሱትም። ለቅሶ እንኳ የሚነገረው ሰው ተልኮ ነበር። አንድ ፕሮ ፕሌየር ሦስት ወር ካልተለማመደ ቡድኑ በሌላ ይተካዋል። ዛሬ ኔትወርክ ባለበት ሰዓትም ቢሆን የምትጫወተው ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ጋር ነው፤ አንተ ተኩሰህ ጥይቱ እስኪደርስ ሰርቨሩ ደጅ ያለው ልጅ ጨርሶሃል። መብራት ሲጠፋስ? ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የደህና ስልክ ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰ የምታውቁት ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ልጁን ለማሸማቀቅ አይደለም። ይልቅ በጣም ያሳሰበን እዚሁ በየከተማችን ያለው «ሊግ» ነው። በየሰፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤት ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አሥር ልጅ መቶ መቶ ብር ያዋጣል፣ አንደኛ የወጣው ሺውን ይበላል። ስሙ ቶርናመንት ነው። ወንድሞች፣ ሁሉም ከኪሱ አዋጥቶ አንዱ የሚበላበት ይህ ነገር ዑለማዎቻችን ቁማር የሚሉት ነው፤ ኮንትሮለር ስለያዝን ስሙ አይቀየርም። የትልቆቹ ሊጎች ማጣሪያ መግቢያ አያስከፍልም፤ ሽልማቱ የሚመጣው ከኩባንያውና ከስፖንሰር ነው። እንዲህ ባለው ሽልማት ላይ ዑለማዎች የተለያየ ሐሳብ አላቸው፤ ወላሁ አዕለም፤ ሸይኾቻችሁን ጠይቁ። የመዋጮው ግን አያጠያይቅም። «መጀመሪያ ክፈልና ቡድን ውስጥ አስገባሃለሁ» የሚላችሁንም ሽሹት። ገንዘባችሁን በቴሌብር ከላካችሁለት በኋላ አታገኙትም።

ሌላም አለ። ጌሙ ፖዝ የለውም። አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ አራታችሁ ስለተያያዛችሁም ጥሎ መውጣት ይከብዳል። መግሪብ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። አዛን ሊል ሲል አዲስ ዙር የሚጀምር ልጅ ምን ላይ እንዳለ ራሱ ያውቀዋል።

ልጁን መልሰን አገኘነውና ይህን ሁሉ ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማን፤ አልተቀበለንም፣ አልተጣላንም። መጫወቱን አልከለከልነውም። የተስማማነው በሁለት ነገር ነው፦ ከፈተናው በፊት በቀን አንድ ሰዓት፣ ከዒሻእ በኋላ፤ ከፈተናው በኋላ በክረምቱ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ነጻ ማጣሪያ ላይ ይመዘገባል፣ ስንተኛ እንደወጣም በወረቀት ጽፎ ያመጣልናል። እግረ መንገዱንም አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የተባሉ የሞባይል ጌሞችን እንደሠራ ነገርነው። ጌም የሚሠራ ሐበሻ እንዳለ አያውቅም ነበር። «እሱን ለመሥራት ምን ይማራሉ?» ብሎ ጠየቀ። ሒሳብና ኮምፒውተር አልነው። ሒሳብ ሲባል ፊቱ ጠቆረ።

አባቱንም አናግረናል። ስልኩን ሊሰብረው ነበር። «አትስበር፤ ቁጭ በልና አንድ ዙር ሲጫወት እየው» አልነው። እሺ አላለንም፤ ስልኩ ግን እስከ ትናንት ድረስ አልተሰበረም።