ለቀብር የሚወጣው አካፋ ለደለልም ይውጣ

በቆቦ ሜዳ ጎርፍ ለመምጣት የግድ የቆቦ ሰማይ መጥቆር የለበትም። ዝናቡ በስተምዕራብ፣ በግዳንና በላስታ ከፍታዎች ላይ ይጥላል። ሜዳው ላይ ፀሐይ እንደወጣች ሆርማትና ጎሊና ሞልተው ይደርሳሉ። በጋውን ሙሉ አሸዋ ብቻ የነበረው ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ከትልልቆቹ ጋር ትንንሾቹ ፈፋዎችም ይነሣሉ፤ ቦዩ የተደፈነበት ቦታ ሲደርሱ መንገዳቸውን ይስቱና ግቢ ይገባሉ። በማግሥቱ ውሃው የለም። ደለሉ ግን አለ፤ ከደጃፉ፣ ከማድቤቱ፣ ከከብቱ በረት፣ ከቦዩ ውስጥ።

ይህን ደለል ማን ይጥረገው? ሁለት ጎረምሶች ላሉበት ቤት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሰባ ዓመት ለተሻገሩ ባልና ሚስት፣ ወይም ብቻቸውን ለቀሩ እናት ግን ክረምቱን ሙሉ የማያልቅ ሥራ ነው። ያንዱ ጎርፍ ደለል ሳይወጣ ሌላው ይመጣል።

ደለል በራያ ቆላ ጠላት ብቻ አይደለም። የሜዳውን አፈር ያወፈረው፣ ማሽላውንና ጤፉን የሚያበቅለው ይኸው ከደጋ የሚወርድ ደለል ነው። ገበሬው ጎርፉን በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር ጠልፎ ወደ ማሳው ሲያስገባ የኖረውም ለዚህ ነው። ማሳ ላይ ያረፈ ደለል ሲሳይ ነው። ደጃፍ ላይ ያረፈው ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በጉልበት ብቻ ነው።

ምን ያህል ጉልበት? አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ ደለል ከ1 ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል። ስድስት ሜትር በስምንት ሜትር የሆነች ትንሽ ግቢ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ደለል ቢያርፍ ወደ አምስት ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ክብደቱ ከ7 ቶን ያልፋል። አንድ አካፋ አምስት ኪሎ ቢያነሣ ከ1,400 ጊዜ በላይ ጎንበስ ቀና ማለት ነው። ይህ ከቦዩ በፊት፣ ግቢው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሰባ ዓመት ሰው «የራስህ ደጃፍ ነው» ብሎ መተው ሥራው እንዳይሠራ መወሰን ነው።

እርግጥ ሥራውን የሚያቀልሉ መንገዶች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። ደለልን ውሃ እንደጠጣ ማንሣት ትልቁ የድካም ምንጭ ነው። ቆም ያለው ውሃ እንዲወርድለት በዶማ ጠባብ መስመር ከፍቶ አንድ ሁለት ቀን ቢጠብቁት ይሰነጠቃል፣ ይቀልላል፣ በገል በገል ይነሣል። ከዚያ በላይ ከቆየ ግን እንደ ጡብ ይደርቅና ዶማ ይጠይቃል። ማንሣትን በመጎተት መተካትም ይቻላል፤ በአሮጌ ሸራ ወይም በቆዳ ላይ ጥቂት ጥቂት አድርጎ መጎተት ወገብን ያድናል። የአካፋው እጀታ ረዘም ቢል ብዙ ጎንበስ ማለት ይቀራል። የቆቦ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ አንድ ሰዓት ሠርቶ ማረፍና የቀረውን ለነገ ማሳደር፣ በአንድ ቀን ልጨርሰው ብሎ ከመውደቅ ይሻላል።

ከዚህም የሚበልጠው ደለሉ እንዳይገባ ማድረግ ነው። የበሩን ደፍ በድንጋይ ከፍ ማድረግ፣ ከግቢው በላይ በኩል ውሃውን የሚያስቀይስ እርከን መሥራት፣ ቦዩ ግቢው አጠገብ ከመድረሱ በፊት ደለሉ የሚያርፍበት ጉድጓድ መቆፈር ሁሉም የታወቀ ነገር ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ አንድ ቦታ ብቻ ይጸዳል፤ ግቢው ሁሉ አይበላሽም።

ግን እርከኑን ማን ይካብ? ጉድጓዱን ማን ይቆፍር? ሥራን ለማቅለል የሚሠራው ሥራ ራሱ ጉልበት ይፈልጋል። አዛውንቱ የግቢያቸውን ቦይ በቀን አንድ ክንድ አንድ ክንድ እያሉ ቢያጸዱት እንኳ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ቦይ ከተደፈነ ድካማቸው በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የእሳቸው ቦይ ከተደፈነ ደግሞ ውሃው ከታች ወዳለው ቤት ይዞራል። ቦይ በአጥር አይከፈልም። የአንድ ሽማግሌ የተደፈነ ቦይ የሰፈሩ ሁሉ የተደፈነ ቦይ ነው።

የጤናውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ክረምቱ ሲያበቃ ወባ ይነሣል። በተደፈነ ቦይ ውስጥ የተኛ ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ትንኟም የማንን ቦይ ማን እንዳልጠረገው ለይታ አትናከስም።

«ድሮ ደቦ ነበር፣ ወንፈል ነበር» የሚል መልስ ይመጣል። አሁንም አለ። ግን ሁለቱም እንዴት እንደሚሠሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወንፈል ጉልበት በጉልበት ነው፤ ዛሬ የመጣልህን ነገ ትሄድለታለህ። የሚመልሱት ጉልበት የሌላቸው አዛውንት ከዚህ ልውውጥ በዝምታ ይወጣሉ። የሚያወጣቸው የለም፤ እሳቸው ራሳቸው አፍረው አይጠሩም። ደቦ ደግሞ ድግስ ይጠይቃል። የመጣውን ሰው አብልቶና አጠጥቶ መሸኘት ወግ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚደገስ ከሌለ ጥሪም የለም። ስለዚህ ሁለቱ የተከበሩ ልማዶች ጉልበት ወይም እህል ላለው ይደርሳሉ። ሁለቱም ላለቀባቸው ሽማግሌ፣ ማለትም በጣም ለሚያስፈልገው ሰው፣ አይደርሱም።

«ልጆቹስ?» የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን የቆቦ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከራያ ቆቦ ስንቱ ወጣት በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሄዷል። አንዳንዱ ደርሷል፣ አንዳንዱ ተመልሷል፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። በላዩ ላይ ጦርነት አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ሲቀሰቀስም በዚሁ በቆቦ ግንባር ነበር። ከዚያ ወዲህም አካባቢው ሰላም ጠግቦ አላደረም። የሞተ አለ፣ የተሰደደ አለ። ከሳዑዲ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ለእናቱ ቆርቆሮ ሊገዛላት ይችላል። በሐምሌ ሌሊት ተነሥቶ ቦይ ሊከፍትላት ግን አይችልም።

ይህ የቆቦ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ፣ የቤት ባለቤት በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ በደጃፉ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት፤ ካልጠረገ ከተማው አስጠርጎ ሂሳቡን ይልክለታል። በጃፓን በየክረምቱ ከጣራና ከደጃፍ በረዶ ሲጠርጉ ከሚሞቱት አብዛኞቹ 65 ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዶ መንደሩ የአረጋውያን ሆኗል። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 200 ኪሎ ቢመዝን ነው። ያ ሰው ከገደለ፣ ከ1 ተኩል ቶን በላይ የሚመዝነው ደለል ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። በረዶ ደግሞ ማንም ባይነካው በመጨረሻ ይቀልጣል፤ ደለል ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም።

ከእነዚያ ከተሞች የሚወሰድ አንድ ትምህርት አለ። ቶሮንቶ አብዛኛውን የእግረኛ መንገድ ከተማው ራሱ በማሽን ይጠርጋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መንገዱ የሁሉ ነው፣ ስለዚህ ጠራጊው በደጃፉ በሚኖረው ሰው ዕድሜ አይወሰንም። ቆቦ ያ ማሽን የላትም። ከማሽኑ የሚቀድመው ነገር ግን አላት፤ እሱም ቅሬ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ የአባላት ዝርዝር አለው። ጠሪ አለው፤ በሌሊት እንኳ ቢሆን መርዶ ሲነገር ሰው ይወጣል። ቀሪው ይቀጣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለጎረቤቱ ይቆማል። አንድ አዛውንት ሲያርፉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ጎልማሳ አካፋና ዶማ ይዞ ይደርሳል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ጦርነትም ስደትም ይህን አላጠፉትም። የቀረው ሰው ቁጥሩ ቢያንስም ይወጣል።

እንግዲህ ለሟቹ የወጣው አካፋ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰውየው በሕይወት ሳሉ፣ ለደጃፋቸው ቢወጣ ምን ይከለክላል? የቀብሩ ቀን የተሰበሰበው ጉልበት የአዛውንቱን ግቢና ቦይ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ በቅሬው ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል። በሰኔ፣ ወንዞቹ ሳይሞሉ፣ አንድ ቀን የሰፈሩ ቦይ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይጠረግ፤ ጉልበት የሌለው ቤት በር ላይ ያለውም አብሮ ይጠረግ። ትልቅ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ጠሪው እንደ መርዶው ይዙርና በዝርዝሩ ላይ ላሉት አረጋውያን ቤቶች ሰው ይውጣ። ድግስ አይኑር፤ ለቀብር የሚወጣ ሰው ድግስ አይጠይቅምና። የሚመለስ ጉልበትም አይቆጠር። አዛውንቱ ለአርባና ሃምሳ ዓመት የሌላውን መቃብር ቆፍረዋል፣ የጠለፋውን ድንጋይ ተሸክመዋል። ዕዳቸውን አስቀድመው ከፍለዋል።

ተቃውሞው ግልጽ ነው። የቀሩት ጥቂት ጎልማሶች የራሳቸው ማሳ አለባቸው፤ ሐምሌ የእርሻ ወር ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ለዚህ ነው ዋናው ቀን በሰኔ መሆን ያለበት፤ በሰኔ የወጣ አንድ ቀን በሐምሌ የሚባክኑ ብዙ ቀናትን ያስቀራል። ከቦይ የሚወጣው አሸዋም ዋጋ አለው። ለግንባታ የሚሆነውን አሸዋ ሥራ ያጡ ወጣቶች ራሳቸው አውጥተው እንዲሸጡት ቀበሌው ቢፈቅድ፣ ቦዩ ይጸዳል፣ ወጣቱም ያገኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአዛውንቶቹ ይመጣል፤ ኩራት ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ደጃፉን ራሱ የጠረገ ሰው ምጽዋት አይወድም። ስለዚህ ነው ነገሩ በደንብ መጻፍ ያለበት። በቅሬ መቀበር ምጽዋት የሚመስለው ሰው የለም፤ መብቱ ነው። የደለሉም ጉዳይ በዚያው ደንብ ከገባ መብት ይሆናል። አዛውንቱም ሥራ አይፈቱ፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የድሮው ቦይ በየት እንደነበር፣ የትኛው እርከን እንደሚይዝ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ወጣቱ ይቆፍር፣ እሳቸው ያሳዩ።

መንግሥትም ከዚህ ነፃ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራምም መርሁን ተቀብሎታል፤ ጉልበት ያለው ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ ጉልበት የሌለው አረጋዊ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። መመሪያው የጉልበት እጥረት ባለባቸው፣ በሴቶች በሚመሩ ቤተሰቦች ይዞታ ላይም የማኅበረሰብ ሥራ እንዲሠራ በር ከፍቷል። ያ በር ለአረጋውያኑ ደጃፍም ይከፈት። በየዓመቱ ተራራ ላይ እርከን የሚሠራ ሕዝብ ከተራራው ግርጌ የሚኖሩትን አዛውንት ቦይ በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት አያቅተውም።

ግን ቀበሌው እስኪያቅድ ጎርፉ አይጠብቅም፤ ቅሬው መሰብሰብ የሚችለው ዛሬ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ የወር መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃል፦ «በሰፈራችን በዚህ ክረምት ደለሉን ራሳቸው መጥረግ የማይችሉት እነማን ናቸው?» ስሞቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆጠራሉ። ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። መጻፍ ብቻ ነው የቀረው።